የታጣፊዋ ብስክሌት ብሎን

ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ አሶሳ ስመደብ፣ ቢሯችን ውስጥ ከወንበር ይልቅ ኃላፊ ይበዛ ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ከተጣለ ብረታ ብረት መሀል አንዲት ብስክሌት አገኘሁ። ጎማዋ የድስት ክዳን ያክላል፤ ወገቧ ላይ እንደ መጽሐፍ ትታጠፋለች። የንብረት ሹሙን ልውሰዳት ወይ ብለው፣ "ለቆሻሻ ደግሞ ፈቃድ ትጠይቃለህ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሦስት ወር ዝገቷን ስፍቅ ከረምኩ። የፔዳሏን ካቴና ያገኘልኝ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ሲያያት፣ "ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ወላሂ! አብላው፣ ያድጋል" አለኝ። ኮርቻዋን ከቀርከሃ ሠራሁላት። መታጠፊያዋን የሚይዘው ብሎን ስለሌለ ከአልጋዬ ላይ ፈትቼ ሰጠኋት፤ አልጋዬም ዘመመ።

የመጀመሪያ ቀን ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ ያው ሹም ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። "የመንግሥት ንብረት ናት" ብሎ ቁጥር ጻፈባትና ለቢሮው ኃላፊ ሰጣት።

ብሎኑ ላይ ግን ቁጥር ስላልተጻፈ ፈትቼ ወሰድኩት። በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ የተከበሩት ኃላፊያችን ግቢው መሀል ከነብስክሌታቸው ታጠፉ።

እኔ ያን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀጥ ባለ አልጋ ላይ ተኛሁ።