የአባቴ ጥቁር መነጽር

አባቴ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ከልባሽ ተራ የገዛት አንዲት ጥቁር መነጽር ነበረችው፤ እንደ እሷ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። እኔ እንኳ ከክፍል አንደኛ ስወጣ ያን ያህል አልኮራም። ታንኳው ላይ ሲያስቀምጠኝ፣ መጀመሪያ እሱ አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያዘነበለ ውሃውን ያይባትና መነጽሯን ዓይኔ ላይ ያደርግልኛል። ቀና ስል የውሃው ነጸብራቅ ይጠፋና ከሥር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲመላለስ ይታየኛል፤ አንገቴን ሳዘነብል ነጸብራቁ ተመልሶ ይመጣል። «ለምንድን ነው?» ስለው፣ «ወሏሂ አላውቅም፤ ተምረሽ ንገሪኝ» ይለኝ ነበር።

ተማርኩ። ከውሃ ላይ ነጥሮ የሚመጣ ብርሃን በአብዛኛው ወደ ጎን እንደሚርገበገብ፣ መነጽሯም ያንን እንደምታስቀር የገባኝ ዕለት መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጬ የጠመዝማዛ ጋላክሲዎችን መግነጢሳዊ መስክ አጠናለሁ። መስኩ በዓይን አይታይም። ከዚያ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ ግን ለአንድ አቅጣጫ አድልቶ ይርገበገባል፤ ያንን ለክተን መስኩ በየት በየት እንደሚያልፍ በመስመር እንስላለን። ሥራዬ ከአባቴ አንገት ማዘንበል ብዙም አይርቅም።

በደወልኩ ቁጥር «ሥዕሉን መቼ ነው የምታሳዪኝ?» ይለኛል። ከሰው ሁሉ እንዲያይልኝ የምፈልገውም እሱ ነበር። ግን ስጨርስ፣ ሲያምርልኝ፣ ለዒድ እያልኩ ሦስት ዒድ አሳለፍኩ።

ባለፈው ዒድ ትልቁን ሥዕል ጠቅልዬ ሐይቅ ከተማ ቤታችን ስደርስ፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ በድምፄ ለየኝ። እናቴ ወደ ጓዳ ስባኝ ዓይኑ ከጠፋ ወራት እንደሆነው ነገረችኝ። «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እንዳትነግሯት ብሎ ነው» አለች። ተናደድኩ፤ በራሴ።

ሥዕሉን መደቡ ላይ ዘረጋሁት። ጣቱን ይዤ ከመሐል ጀምሬ፣ መስመሮቹን እየተከተልኩ፣ በተጠማዘዙት ክንዶች ላይ ወሰድኩት። ወረቀቱ ለስላሳ ነው፤ ለጣት የሚናገረው ነገር የለም። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ተከተለኝ። ከዚያ «መነጽሬን አቀብዪኝ» አለ።

አደረጋት። ፊቱን ወደ ወረቀቱ መልሶ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘነበለ፤ ልክ ታንኳው ላይ ያደርግ እንደነበረው።

«ታየህ አባ?» አልኩት፣ እንደ ሞኝ።

«ቆይ እስቲ፤ አታጣድፊኝ» አለኝ።