የሱልጣኑን ዘፈን የከፈተ

«ካቬሪ እናታችን፣ ውሃሽ ምን ነካው ደፈረሰ፤
እጁ ወጥ እንደነካ፣ ጌታው ወደ በሩ ገሠገሠ...
ና ና ና... መብራት... ና ና...»

ጃቫራያ ይቺን ያንጎራጎራት ሳያስበው ነው። የሂንዱዎች የመብራት በዓል ማለዳ ነበር። ሚስቱ ሆናማ እንደ ደንቡ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ዘይት ቀብታው፣ ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሙቅ ውሃ ታፈስበታለች። ውሃው አጥንቱን ሲያፍታታው አፉም አብሮ ተፍታታ። ሁለት ስንኝ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። የሆናማም ጣሳ አየር ላይ ቀረ።

«የመንጁ አባት!» አለች። ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ምን አሉ አሁን?»

«ምንም።»

«ከፈቱት! ቀን ጠብቀው በበዓል ከፈቱት! የስኳር ክኒንዎን በምን ሊውጡት ነው? በነፋስ?»

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ እንግሊዞች የሱልጣኑን ምሽግ የሰበሩ ዕለት ምሳ ቀርቦለት ነበር፤ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነስቶ ሄደ፣ አልተመለሰም። ይህን በዚያ በካቬሪ ወንዝ ዳር የማያውቅ የለም። ስለዚህ የእሱን ዘፈን የከፈተ ዘፋኝ፣ ሱልጣኑ እስኪወድቅ ዘፍኖ ሳይጨርስ እህል አይቀምስም። ለብቻ ማልጎምጎምም አይቆጠርም፤ አንድ ሰሚ ጆሮ ያስፈልጋል። ጃቫራያ ይህን ሕግ የተማረው ከመምህሩ ከኡስታድ ፒር ጋውስ ነው። ያኔ እሱ የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ልጅ ነበር። ኡስታድ ከሕጉ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ይሉት ነበር፤ «ስማ ልጄ፣ ሱልጣኑ የሰጠበትም ስንኝ አለ፣ የቀማበትም ስንኝ አለ። አንዱን ዘፍኖ አንዱን የዋጠ ዘፋኝ አይደለም፣ ሌባ ነው።»

ኡስታድ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ጃቫራያ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሌባ ሆኗል። የሱልጣኑ መቃብር ዓመታዊ በዓል ላይ ሲጠሩት መክፈቻውን ሳይነካ የሰጠበትን ብቻ ዘፍኖ የቀማበትን ይዘላል፣ የቤተ መቅደሱ ገበያ ላይ ሲጠሩት ጭራሽ ሌላ ዘፈን ይዘፍናል። የሰው ፊት መጥቆርን ይፈራል። ሲዘለው፣ ሲዘለው፣ ያ የቀማበት የሐዘን ስንኝ ከአፉ ጠፋ። ዛሬ ቢፈልገው «መብራት» ከምትል አንዲት ቃል በቀር አንዳች የለም። ዘፈኑን ለመዝጋት እሱ የግድ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። እንዳይከፍተው ሲጠነቀቅ የኖረውም ለዚሁ ነበር።

ሆናማ ጣፋጩን ቂጣ ጋግራ፣ የዳጉሳውን ገንፎ እንደ ኳስ ድብልብል አድርጋ ሸፈነችው። «እኔም አልበላም» አለች። «ለሁለት ሬሳ አንድ ልቅሶ ይበቃል፤ ለጎረቤት ወጪ ይቀንሳል።»

ረፋዱ ላይ ጃቫራያ ወደ ሻይ ቤቱ ወጣ። ምናልባት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስንኙን ያስታውስ ይሆናል ብሎ ነው። የሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የፖሊስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በዚህ ወር ስለ ሱልጣኑ በአደባባይ ማወደስም ማውገዝም ክልክል ነው ይላል። ሽማግሌ ግን አላገኘም። ያገኘው የወፍጮ ቤቱን ልጅ ሎኬሽን ነው፤ ሱልጣኑን የሚያወግዙት ሂንዱዎች የሚለዩበትን ብርቱካንማ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። ከኋላው የሞተር ሳይክል ጠጋኙ ሙደሲር ተቀምጧል፤ የመቃብሩን በዓል የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሁለቱ አብረው የተማሩ ናቸው። አሁን አንድ ሻይ ቤት ይጠጣሉ፣ ጀርባ ለጀርባ።

«አያ ጃቫራያ፣ ሻይ ይጠጡ!» አለ ሎኬሽ።

«ዛሬ አልቀምስም።»

ሁለቱም ገባቸው። የዚያ አገር ሰው ዘፋኝ በበዓል ሻይ እምቢ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ከፍተውታል!» ሎኬሽ ስልኩን አወጣ። «ያቺን የሐዘኗን ስንኝ ብቻ ይበሉልኝ። ሰው ይወቀው።»

«ጠፍታብኛለች።»

«ጠፍታ ነው ፈርተው?»

«አያ፣» አለ ሙደሲር ዞር ሳይል፣ «እሷን ስንኝ ቢያወጧት ለመቃብሩ በዓል ሁለተኛ አይጠሩም። ኡስታድ ያበሉዎት እህል ሆድዎ ውስጥ የለም?»

«ልጄ፣ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ምንም የለም።»

ሻይ ቀጂው ሳቀ፤ ሌላ ሰው አልሳቀም። ጃቫራያ ከሁለቱ ጀርባ መካከል፣ በር የሌለው ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ቆሞ ቀረ። ወደ ግራ ቢል ይቀረጻል፣ ወደ ቀኝ ቢል ይረገማል፣ ዝም ቢል ይራባል።

ከሰዓት በኋላ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ በየደጁ የሸክላ ኩራዝ ይለኮስ ጀመር። መንደሩ እንደ ሙሽራ አንገት በብርሃን ዶቃ ተሞላ። ሆናማ ባሏ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ በረሃብ ዓይኑ ሲዋልል አየች፤ ኩራዙን አስቀምጣ «አንድ ጨለማ ቤት አለ» አለች። «እርስዎም ያውቁታል።»

ያውቀዋል። የሴሻማ ቤት ነው። ሴሻማ ሰማንያ ያለፋት ባልቴት ናት፣ የሂንዱ ካህናት ዘር። የእሷ ወገኖች በዚህ በዓል መብራት አያበሩም፤ ሱልጣኑ አያቶቻችንን የፈጀው በዚህች ቀን ነው ይላሉ። ስንት እንደሞቱ፣ መቼ እንደሞቱ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የሴሻማ ኩራዝ ግን አይከራከርም፤ ዝም ብሎ አይበራም። ኡስታድ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ በዚህች ምሽት ጫማቸውን አውልቀው ከደጇ ይቆሙ ነበር። እስላሙ ዘፋኝ የእስላሙን ንጉሥ በደል ለዚያች ሴት ዘፍነው፣ ውሃ ጠጥተው ይሄዱ ነበር።

ጃቫራያ ምርኩዙን ይዞ ሄደ። ከደጇ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ። አሮጊቷ ከበረንዳው ጨለማ ውስጥ ሆና አወቀችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ቆየህ» አለች።

«ፈራሁ፣ እማማ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። ተራ በተራ።»

«ፒር ጋውስ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚፈራው፣ እኔን። ዝፈን።»

«ጠፋብኛል። የእርስዎ ስንኝ ነው የጠፋብኝ።»

ከዚያ ያቺ ባልቴት፣ ዜማ በሌለው በተሰነጠቀ ድምፅ፣ የራሷን ሐዘን ለዘፋኙ መለሰችለት፤

«መብራት የሌለሽ ደጅ፣ ከየት መጣ ጨለማሽ?
ያው ንጉሥ ነው እኮ፣ ዘይቱን ከነልጅሽ የቀማሽ።»

ጃቫራያ ከመጀመሪያው ጀመረ። ካቬሪ ደፈረሰች፣ ጌታው ከማዕዱ ተነሳ። የሐዘኗ ስንኝ ላይ ሲደርስ ደጋግሞ ዘፈናት። ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጪ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን አየ። ሎኬሽ ነበር፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ስንኙ እንዳለቀ ብርሃኑ ጠፋ፣ ሞተር ተነሳ፣ መንገዱን ይዞ ራቀ።

ጃቫራያ ዘፈኑን አቋረጠ። ግማሹ ሄደ። ለነገ ማለዳ በየስልኩ፣ በየኪሱ ይገባል፤ በሙደሲር ኪስም፣ በኡስታድ የልጅ ልጆች ኪስም። ድምፁ የእሱ፣ ቃሉ የእሱ፣ ግን ግማሽ።

«ሄደብኝ» አለ።

«እሱ ሄደ፤ እኔ አልሄድኩም» አለች ሴሻማ። «ቀጥል። የሰጠበትም አለ፤ እኔም ሳልወድ ስሰማው ኖሬያለሁ።»

ቀጠለ፤

«ለጎረቤቱ አምላክ፣ የብር ጽዋ ላከ፤
ደወሉን እየሰማ፣ በመስጊዱ ተንበረከከ።»

አሮጊቷ ፊቷን አዞረች፣ ጆሮዋን ግን አላዞረችም። በመጨረሻም ነብር የሚባለውን ሱልጣን ከምሽጉ የውሃ በር ጣለው፤

«ነብሩ ከውሃው በር፣ ከሬሳ ጋር ተኛ፤
ማዕዱ ቀዘቀዘ፣ እንግዲህ እንብላለት እኛ።»

የአጥሩ በር ሲጥ አለ። ሆናማ ነበረች፤ ጎድጓዳውን ሳህን በጨርቅ ሸፍና ይዛ ምን ያህል እንደቆመች እግዜር ይወቅ። ሎኬሽንም አይታዋለች፤ ከፊቷ ይነበባል።

«ነገ ቤታችን ደጅ ሰው ይሰበሰባል» አለች ቀስ ብላ።

«ይሰበሰባል።»

«እንግዲያውስ ዛሬ ይብሉ።»

ሴሻማ ከውስጥ በማሰሮ አሬራ አመጣችና ከበረንዳው ጫፍ አስቀመጠች። ሆናማ በእጁ ላይ ውሃ አፈሰሰችለት፤ ደጋግማ፣ እስኪጠራ። ጃቫራያ ክኒኑን ዋጠ፣ ምርኩዙን ከግድግዳው አስደገፈ፣ ከጨለማው ቤት ደፍ ላይ ተቀመጠና ቀዝቃዛውን ዳጉሳ ቆረሰ።