ለከባዱ መርፌ የሚሆን ዘንግ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠመንጃ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ከነጌሌ ቦረና የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ያቤሎ ላለው የዱር እንስሳት ቡድን ስመደብ እናቴ አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። ዱር ለዱር መሣሪያ ተሸክሞ የሚዞር ልጅ አልፈልግም ብላ። ያቤሎ ስደርስ ግን የቡድኑ መሪ አንድ ረጅም ሣጥን ከፍቶ የአሉሚኒየም ዘንጎች ዘረገፈልኝና፣ በግትርነታቸው ለይተህ አስቀምጥ አለኝ። ዘንግ የፍላጻው አካል ነው፤ ከፊቱ መርፌ፣ ከኋላው ላባ ይገጠምለታል።

መሪው የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ዶክተር ኃይሉ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን ስጽፍ እጄ እምቢ አለ።

ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት አልፎ አካባቢው ገና ያልረጋበት ጊዜ ነበር። ጦሩ የማደንዘዣ ጠመንጃችንን ወስዶ አልመለሰም። በምትኩ ከውጭ በዕርዳታ የመጣ ቀስት ተሰጠን። አባቶቻችን የሚያውቁት ቀስት አይደለም፤ በሁለት ጫፎቹ መዘውር አለው። ሲስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፣ መጨረሻው ላይ ይቀላል። ስለዚህ ቀስተኛው ስቦ ይዞ እስኪመቸው መጠበቅ ይችላል።

ሥራችን ሳላ የሚባለው ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ አድፍጦ በማደንዘዣ ማስተኛት፣ ደም መውሰድና መልሶ ማስነሳት ነበር። ደሙ የሚፈለገው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በዱር እንስሳት ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ነው። ደስታነቱ ስሙ ላይ ብቻ ነው፤ የገባበትን በረት ባዶ ያደርጋል። በሽታው አለ ከተባለ የዱብሉቅ የከብት ገበያ ይዘጋል፣ ቦረናም ከብቱን ታቅፎ ይቀመጣል። እኛን የሚያየን ሁሉ በዚያ ዓይን ነበር የሚያየን።

ቀስተኛችን ጉዮ ይባላል፤ የዱብሉቅ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየተቀባበሉ ሲያወጡ ያደገ በመሆኑ ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ የማይንቀጠቀጥ ነበር። አማርኛው ግማሹ ኦሮምኛ ነው። ጠዋት ጠዋት "አካም፣ ናጋ?" ይለኝና መልሴን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

ዶክተሩ ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ይህን አልክድም። ፍላጻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል እንጂ አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ይጎብጣል፣ ከዚያ እየተወዛወዘ ይቃናል፤ መጉበጡ ለቀስቱ ጉልበት የሚመጥን መሆን አለበት ብሎ ያስረዳን እሱ ነው። ቀስቱ ሲጠነክር ግትር ዘንግ ይፈልጋል። ዘንጉ ሲረዝም ይለሰልሳል፣ ሲቆረጥ ይገትራል። ከፊት የሚገጠመው መርፌ ሲከብድ ደግሞ ያው ዘንግ እንደ ለስላሳ ይሆናል።

ግትርነት የምንለካበት ዕቃ ራሳችን ሠራን። ሁለት ሚስማር በጣውላ ላይ ተክለን ዘንጉን እናጋድምበታለን፤ መሐሉ ላይ ከሐጂ ኑር ሱቅ የተዋስነውን የሚዛን ድንጋይ አንጠልጥለን ምን ያህል እንደረገበ በማስመሪያ እናያለን። ሐጂ ድንጋዩን ባዋሱን ቁጥር፣ "በእኔ ድንጋይ ቀስት ስትመዝኑ እኔ በምን ስኳር ልመዝን?" ይሉን ነበር።

ከዚያ ወረቀት ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በእንጨት ላይ ወጥረን ጉዮ ፍላጻውን ይሰድበታል። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ዘንጉ ተስማምቷል። ወደ ጎን ከተቀደደ አልተስማማም። በጉዮ አያያዝ ለስላሳው ወደ ቀኝ፣ ከመጠን በላይ የገተረው ወደ ግራ ይሄድ ነበር።

እንዲህ እየሠራን ብዙ ሳላ አስተኝተን አስነሥተናል። አንድም አልሞተብንም። ጉዮ መርፌውን ታፋ ላይ ያሳርፋል፤ እኔ ደም እቀዳለሁ፤ ዶክተሩ የማንቂያውን መድኃኒት ይወጋል። ሳላው ተነሥቶ ሲሮጥ ሦስታችንም ቆመን እናየዋለን። በሥራ ዘመኔ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

በኋላ ማደንዘዣው አለቀ። የተላከልን ምትክ ደካማ ስለነበር ብዙ መጠን ይፈልጋል፤ ብዙ መጠን ትልቅ መርፌ ይፈልጋል፤ ትልቅ መርፌ ከባድ ነው። በወረቀቱ ስንሞክረው ፍላጻው ሁሉ ወደ ቀኝ እየቀደደ ወጣ። በጣም ግትር የሆኑት ዘንጎች ለቀላሉ መርፌ ስለማይሆኑ ነጌሌ መጋዘን ተልከው ነበር፤ አስሬ የላክኋቸው እኔው ራሴ ነኝ። መኪናችንን ደግሞ ጦሩ ለስንቅ ወስዶታል። ዘንጎቹ እስኪመጡ ሥራ እናቁም ተባብለን ተስማማን። ዶክተሩም ተስማምቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከክፍለ ሀገሩ ሹማምንት ሥራችንን ሊያዩ መጡ። ከእነሱ ጋር አንድ ካድሬ ነበር። ዶክተሩ ውሃው ዳር ወዳለው ማድፈጫችን ገብቶ ጉዮን ተዘጋጅ አለው።

ጉዮ ከባዱን መርፌ በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። "ዶክተር፣ ይሄ ዘንግ ለዚህ አይሆንም። አንቱም ያውቃሉ። ነጌሌ ያለው ይምጣ።"

ዶክተሩ ሰዎቹ ነገ እንደማይኖሩ ነገረው። ጉዮ ቀስቱን አላነሳም። እኔም ዘንጎቹን ከዚህ በላይ ብንቆርጥ ከቀስቱ ማረፊያ እንደሚያንሱ፣ ቀስቱን ብናላላው ደግሞ መርፌው ሳይደርስ እንደሚወድቅ ተናገርኩ። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቃል።

"በእኔ ኃላፊነት ነው" አለ። "ልቀቀው።"

የመጣችው ሴት ሳላ ነበረች፤ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራ ውሃው ዳር ቆመች። ጉዮ ትንሽ ወደ ግራ አልሞ ለቀቀ። የማይስማማ ዘንግ ግን ሁልጊዜ በእኩል አይስትም። ከታፋዋ አልፎ ሆዷ ላይ ገባ። ጥቂት ሮጣ ወደቀች። ማንቂያውን ወጋናት፤ አልተነሣችም። እርጉዝ ነበረች።

ሹማምንቱ ቀርበው አዩአት። ካድሬው የሕዝብ ሀብት በአሻጥር ተገደለ አለ። ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሮ ዘንጉን ማን እንደመረጠው ጠየቀው።

ዶክተሩ መሬቱን አየ። "ቀስተኛው ነው የመረጠው" አለ።

ጉዮ አልጮኸም። "ዶክተር፣ ልቀቀው ያሉኝ አንቱ አይደሉም?" ብቻ አለው። ጉዮን መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት።

ለምርመራ ስጠራ ያየሁትንና የሰማሁትን ተናገርኩ። ትእዛዙን የሰጠው ዶክተሩ ነው፣ በእኔ ኃላፊነት ብሏል አልኩ። መርማሪው እስክጨርስ ሰምቶ፣ የእናቴ ወገን ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቦረና ናት አልኩት። "እንግዲያው ዘመዱ ነህ" አለኝ። ቃሌ እዚያ ላይ አለቀ።

ዶክተሩን ቢሮው ሄጄ አገኘሁት። አንድ ቃል ተናግረው ያስፈቱት ብዬ ለመንኩት። ልጆች እንዳሉት ነገረኝ።

"ጉዮም አለው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። ጥቂት ቆይቶ እሱ ተሾሞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኔ ከመስክ ሥራ ተነሥቼ የነጌሌው መጋዘን ጠባቂ ተደረግሁ።

ግትሮቹ ዘንጎች እንዳሰርኳቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀስቱም ወደዚያው ተመልሶ ነበር። አንድ ቀን ከባዱን መርፌ ገጠምኩና በግቢው ውስጥ ወረቀት ወጥሬ ሞከርኳቸው። እኔ እንደ ጉዮ ቀስተኛ አይደለሁም። ቢሆንም ቀዳዳው ክብ ሆነ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ክብ ነው። ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልኩት።

የሳላው ደም ጉዳይ የትም አልደረሰም። ቡድኑ ተበተነ፤ ገበያውም ያለ ምንም የደም ምርመራ፣ በሽታ ሳይኖር አይቀርም ተብሎ ተዘጋ። ዱብሉቅ ያሉ ሰዎች ስለ እኛ ምን እንደሚሉ ለመስማት አልሄድኩም።

ጉዮን ያገኘሁት ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ሜጋ ላይ ነው። የተሳፈርኩበት መኪና ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ደጅ ቆመን ሳለ በመንገዱ ማዶ ሁለት ፍየል እየነዳ መጣ። ዱላውን የያዘው በግራ እጁ ነው። ቀኙ ከትከሻው ተንጠልጥሎ አይነሣም ነበር። እስር ቤት ሰቅለውት እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን ስለዚያ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሰላምታው እንደ ድሮው ረጅም ነበር። ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቅን። ከዚያ ነጌሌ የነበሩትን ዘንጎች አይቻቸው እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ሞከርኳቸው" አልኩት።

"ከባዱን መርፌ?"

"አዎ። ቀጥ ብለው ነው የሄዱት።"

ራሱን ነቀነቀ። "እኔም እሱን ነበር ያልኩት" አለና ፍየሎቹን እየነዳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ በዚህ ሥራ ያላችሁ ልጆች የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። ዘንግ መምረጫው በሠንጠረዥ ተሠርቶ ይመጣላችኋል። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ዘንጉ ካልተስማማ፣ ማንም ቢያዛችሁ አትልቀቁ። በእኔ ኃላፊነት የሚለው ሰው ፍላጻው ሲስት አጠገባችሁ አይቆምም።