ጓንት ለሚያጠልቅ እጅ የተመረጠ ስክሪን

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የማሸጊያ ማሽኑ ተች ስክሪን ተበላሽቶበት ተተኪ እንድመርጥለት ጠራኝ። ደሴ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ሥራ በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ፈራ፤ በዚያ ማሽን ላይ ጓንት አጥልቆ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው።

የተበላሸው ስክሪን የራሱ ፍሬም የሌለው፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሚታሰር ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለውን ከሚያስመጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት አወጡልኝ።

«ይኸኛው እንደ ስልክሽ ነው ልጄ፤ ነካ ስታደርጊው ይታዘዛል። ያኛው ካልተጫንሽው አይሰማም፤ ምስሉም ደብዘዝ ይላል።»

«ጓንት ላጠለቀ ሰውስ፣ አባባ?»

ከመደርደሪያው የሥራ ጓንት አንስተው ሰጡኝ። አጥልቄው እንደ ስልክ የሆነውን ደማቁን ደጋግሜ ብነካው ዝም አለ። ደብዛዛው ስጫነው ወዲያው መለሰ።

«ወላሂ፣ እኔ ሁለቱንም ሻጭ ነኝ፤ ምርጫው ያንቺ ነው» አሉኝ። ደብዛዛውን ያዝኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሲያየው ፊቱን አጨፈገገ። «አሮጌ ይመስላል» አለ። ቢሆንም ገጠምነው። ወንድሜ በጓንቱ ሲጫነው ማሽኑ ተነሳ፤ ደግሞ ሲጫነው ቆመ። ሰዉ እፎይ ሲል እኔ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ በበሩ የገባው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ወንድሜ ጽሑፉ አልታይ ሲለው ከረጢት በሚያመላልሰው ቀበቶ ላይ ጎንበስ አለ። እጅጌው ቀበቶውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«አቁመው!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ሥራ አስኪያጁን፣ «ማቆሚያው በስክሪኑ ብቻ መሆን የለበትም። እጅ የሚደርስበት ቀይ ቁልፍ ለብቻው ይገጠም፤ ሳጥኑም ከፀሐዩ ይዙር» አልኩት።

«ምርት ይቆማል እኮ።»

«ሳይስተካከል አላስረክብም።»

ወንድሜ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በእኔ ጦስ ከሥራው እንዳይባረር ፈርቷል። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም። ሥራ አስኪያጁ እያጉረመረመ ሄደ፤ በማግስቱ ቁልፉ ተገጠመ፣ ሳጥኑም ዞረ።

ወንድሜ የዕረፍት ቀኑ ደርሶ ደሴ ሲመጣ አኩርፎ ነበር።

«ሰው ፊት ባትጮሂብኝ ጥሩ ነበር።»

«ደንግጬ ነው።»

ጫማውን አውልቆ ሲቀመጥ፣ «ትናንት ከረጢት ተቀረቀረና በቁልፉ ነው ያቆምኩት» አለኝ።

እንዴት እንደተቀረቀረ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። እጆቹ ደህና መሆናቸውን ሰርቄ አየሁና ምሳ አቀረብኩለት።