ከአራስ አልጋ ወደ እርከን

በደርግ ጊዜ መርሳ ከተማ ባለሱቅ አግብቼ ስኖር፣ ሦስተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ አማቴ ከአልጋ አላወርድ አሉኝ። ጠዋት በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ ቀን ዶሮ፣ ማታ አጥሚት። የአራስ ወግ ነው፤ ይጣፍጥም ነበር። ግን ልጁ ክርስትና ተነስቶ፣ ድክ ድክ ማለት ጀምሮም ገንፎው አልቀረም። ሱቅ የሚመጡት ሴቶች «እሰይ፣ ሥጋ ለበስሽ፤ ባልሽ ይዞሻል» ሲሉ አማቴ ቀና ይላሉ። የእኔ ውፍረት የልጃቸው ስም ነበር።

ውኃ የምትቀዳው፣ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት የምትሄደው የቤቱ ሠራተኛ ናት። እኩያዬ ነበረች። የምትበላው እኛ ከተነሳን በኋላ የተረፈውን ነው።

አንድ እሑድ ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በየድንጋዩ እየተቀመጥኩ ስደርስ ቅዳሴው አልቋል። በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ክንዴን አስሮ ለካና «ደምሽ ከፍ ብሏል። ቅቤውን ቀንሺ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺ፤ አለዚያ ልጆችሽን አታሳድጊም» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው ለእርከን ሥራ ጠራ። ከእኛ ቤት የምትወጣው ሁልጊዜ ሠራተኛዋ ነበረች።

«ዘንድሮ የምወጣው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሰው ምን ይላል?» አሉ አማቴ። «ልጄ ሚስቱን ማኖር አቃተው ይበሉን?»

«እማማ፣ ያቺ ሁሉን እየሠራች ትርፍራፊ ትበላለች። እኔ ምንም ሳልሠራ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ትመግቡኛላችሁ። ይሄ ለማናችን ጠቀመ?»

ጥሪው በደረሰ ቀን ማልጄ ወጣሁ።

ተራራው ላይ ሴቶቹ እያዩኝ ተጠቃቀሱ። «የባለሱቁ ሚስት፣ ድንጋዩን ትሸከሚያለሽ ወይስ እኛ አንቺን እንሸከም?» አለች አንዷ። ትንፋሼ ሲመለስ እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ቆሏቸውን ሊቆረጥሙ ሲቀመጡ አማቴ አገልግል ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። በቅቤ የራሰ ፍርፍር ነበር።

«ለሁሉም ካልደረሰ አልበላም» አልኳቸው።

«አንድ አገልግል ለዚህ ሁሉ ሰው?»

«ጉርሻ ጉርሻ ይድረሰን።»

እያጉረመረሙ በእጃቸው አጎረሱን። ያቺ ተረበኛ ጎርሳ «እትዬ፣ ይሄን እየበላች ነው ድንጋይ የከበዳት?» ስትላቸው፣ አማቴ ሳያስቡት ሳቁ።

ማታ ራት ሲቀርብ ሠራተኛዋን ጠሯት። «ነይ፣ ከኛ ጋር ቅረቢ።» ከዚያ ወዲያ የምንበላው ከአንድ መሶብ ሆነ፤ ውኃ መቅዳቱንም ከእሷ ጋር ተፈራረቅን። ቅቤው ለሁሉም ሲዳረስ የእኔ ድርሻ በራሱ ጊዜ አነሰ።

አማቴን አልወቅሳቸውም። በክፉ ቀን ሰው ሲከሳ ያዩ ሴት ናቸው፤ መክሳት ያስፈራቸው ነበር። የሚያውቁትን ፍቅር ነው ያጎረሱኝ፤ ሌላውን መንገድ ባዩ ጊዜም ለመከተል አልሰነፉም። ነፍሳቸውን ይማር።

ሦስቱም ልጆቼ አድገው ወልደዋል። ያቺ እኩያዬ ሐራ ከተማ ተድራ፣ ለንግሥ ስትመጣ እኔ ቤት ታድራለች። ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ወደኋላ ስቀር ቆማ ትጠብቀኝና «እንሸከምሽ?» ትለኛለች። ቅዳሴው ሳይጀመር እንደርሳለን።