የተነፋ ጎማ ይዞ የተሳፈረው አባት

ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ለቅዳሜ የሐይቅ ሽርሽር ሙሉ ሱፍ ግጥም አድርጎ ለብሷል። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ በቁምጣ ነው። የልጁን የመዋኛ ጎማ እቤቱ ነፍቶት ነው የመጣው፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ሲጨብጠው ባቡሩን የሚነዳው እሱ ይመስላል። ቲኬቶቹ ግን አጠገቡ በተቀመጠችው፣ ሰባት ዓመት በማይሞላት ልጁ እጅ ናቸው። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገራችን ቋንቋ ይጠይቃታል።

«እዚህ ነው እንዴ፣ የኔ እመቤት?»

«ገና ነው አባዬ! እነግርሃለሁ አልኩህ እኮ።»

እንደተቆጡት ተማሪ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ቆመና ድምፅ ማጉያው በአገሬው ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረ። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ይወርድ ጀመር።

«ምን አለ?»

ልጅቷ ቲኬቶቹን አገላብጣ አየች። «ይሄን ገና አልተማርነውም፣ አባዬ።»

ጎማውን ጭምቅ አደረገው። ከዚያ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና ፈገግ አለላት።

«እኔ ገብቶኛል፤ ነይ።»

ሰው አገር ስኖር አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ የተባለው ግን እኔም አልገባኝም። ቦርሳዬን አንስቼ ጎማውን ተከትዬ ወረድኩ።