የተመለሰው ማር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን አስጠግታ፣ አንድ ድምፁ የለዘበ ሰው ስለ ቡድሃ ሲያስተምር አሰማችኝ። «ሥቃይ የሚመጣው ከመፈለግ ነው» ይላል። «ዝጊልኝ» አልኳት። ደነገጠች፤ እንዲህ ስቆጣ አይታኝ አታውቅም።

ይህን ትምህርት በንጉሡ ዘመን መቱ ተማሪ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። የሒሳብ አስተማሪያችን ሚስተር ባንዳ የቡድሃ እምነት ካለባት ከሴሎን ደሴት የመጣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር። የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሒሳቡን ይተውና የአገሩን ታሪክ ያወራልናል። የቡድሃ ደቀ መዛሙርት በአየር ይሄዱ፣ በግድግዳ ያልፉ፣ የሰው ልብ ያነቡ ነበር አለን። ምናለ ሒሳቡን ብቻ ቢያስተምረን ኖሮ። ወሬው ከተማውን አዳረሰና ሰውየው አዋቂ ተባለ።

ያን ሰሞን ታናሽ እኅቴ አበበች በሳንባ ምች ተይዛ ታቃስት ነበር። አባቴ ጎሬ ሐኪም ጋ ሊወስዳት ከአንድ የቡና መኪና ሾፌር ጋር ተነጋግሯል። ከዚያ በፊት ግን የያዮ ጫካ ማር በቅል ሞልቶ፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ወደ ሚስተር ባንዳ ቤት ሄደ። በእኛ ሰፈር አዋቂ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም። አዋቂው ያመጡለትን ከተቀበለ ተስፋ አለ፤ ከመለሰ ሞት ታይቶታል ማለት ነው።

ሚስተር ባንዳ ማሩን በሁለት እጁ መለሰ። «እኔ ኃይል የለኝም። ያላቸውም ቢሆኑ ለሰው እንዳያሳዩ ቡድሃ ከልክሏል። ቶሎ ሐኪም ይያት» አለ። ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። አባቴ ግን የሚያየው የሰውየውን እጆች ነበር።

«አይቶታል» አለኝ ስንመለስ።

«አባባ፣ ሐኪም ይያት እኮ ነው ያለው።»

«ለማጽናናት ነው። በዚህ ጭቃ አላንገላታትም፤ ቤቷ ትረፍ።»

መኪናው ያለ እኛ ሄደ። አበበች ቅዳሜ ሞተች።

ሚስተር ባንዳ ለቅሶ መጣ። ሰው ፈርቶት ቦታ ለቀቀለት። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ፣ መፈለግ ሲያበቃ ሥቃይም እንደሚያበቃ ንገርልኝ አለኝ። ነገርኳት።

«እኔ መፈለጌን ከተውኩ ልጄን ማን ይፈልግልኛል በላቸው» አለች።

ተረጎምኩለት። አንገቱን ደፋ።

ደግ ሰው ነበር፤ ይኸው ደግነቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የማያደርገውን ተአምር ለምን አወራልን? አባቴስ ሰው በአፉ የነገረውን ትቶ እጁን ለምን አመነ? ሁለቱም ልጅቷ እንድትድን ይፈልጉ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሞተች።

«አያቴ፣ ንዴቱን ቢተዉት አይቀልልዎትም?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ይቀለኛል። ነገር ግን አበበችን የሚያውቃት ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም፤ ፎቶግራፍ እንኳ አልተነሣችም። እሷን ያቆየልኝ ይህ ንዴት ነው። አልተወውም።